ለመዝለል ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ

ሊፓያ ላይ ነፋስ ሰው ቀድሞ ይነሳል፣
ከባልቲክ ባሕር ወጥቶ መስኮት ያንኳኳል፤
ስልኬም ከነፋሱ እኩል ይጮኻል።
ወይዘሮ ቬልታ ነች። ሰላምታም አታውቅ፤
«አዲስ ያልከው ዲስክህ ሊሞት ነው፣ ይታወቅ!»

ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ታያለች፣
በየማለዳው ነው፤ በቃሏ ይዛለች፦
«ዲስኩ ይፈተሻል፤ ፍተሻውን ለማለፍ
በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ይጫኑ አንድ ቁልፍ።»
ዐሥር… ዘጠኝ… ስምንት… ቁጥሩ ሲወርድባት
ጣቷ ይቀድማታል፤ መጠበቅ መች ሆናት!
ስድሳ ሦስት ጠዋት፣ አንድም ቀን ሳታልፍ፣
ዘለለች፣ ዘለለች፣ በዚያው ረጅም ቁልፍ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ወደብ ዳር ተቀምጣ
ነፋስ መዘገበች፣ ከየት እንደመጣ፣
ስንት እንደገፋ። ዛሬ ደብተር ገልጣ
በእርሳስ የታሰረ የባሕሩን ቁጣ
ትገለብጣለች፣ ወደዚህ ሣጥን ውስጥ።
ዲስኩ ከሞተማ…

ገባኝ። መጣሁ።
ብስክሌት። ከጎን የሚመታ ዝናብ።
አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ድመት አለ።

በመጀመሪያው ቀን ጎኑን ፈታሁለት፣
ገመዱን ነቅዬ ሌላ ቀየርኩለት።
በማግስቱ መጥቼ ሙቀቱን ለካሁት፤
ሠላሳ አራት ዲግሪ። «ከኔ ትሻላለህ» አልኩት።
ዲስኩን ጠየቅኩት ስለ ጤናው ሁሉ፣
እያንዳንዱ መስመር «ደህና» ነበር ቃሉ፤
የተበላሸ ስፍራ ዜሮ፣ የተተካም ዜሮ።
ይህ ሁሉ ክስ ታዲያ ከየት መጣ ዞሮ?

በሦስተኛው ቀን ግን፣ «ቁልፉን አይንኩ» አልኳት።
ሦስት… ሁለት… አንድ… ጣቷን ያዝኩላት።
ሃያ ሰባት በመቶ ላይ ደረሰና ቆመ።
እሷ «ሞተ» አለች፤ የኔም ልብ ታመመ።
ጥቁር ዳቦ ቆረስን፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ፤
ድመቱ ድርሻውን ሊጠይቅ ሲነሣ፣
ቁጥሩም ተነሣ።
ሃያ ስምንት። ስድሳ። ዘጠና። መቶ።
«ስሕተት አልተገኘም» የሚል ታየ ጎልቶ።

ደስ አላት? ማን ይሙት! «ነገስ?» አለችኝ።
ነገም ያው እንደሚሆን እኔም ታውቆኛል።

እዚያው አመሸሁ። የመሣሪያን ነገር
መሣሪያው ካልነገረህ፣ እጁን እይ፣ የሚሠራበትን ሰው።
የጥቅምትን ማዕበል ጽፋ ጨረሰች፣
«ዝጋ» የሚለውን በስሱ ነካች፣
ስክሪኑ ጠቆረ። ወዲያው ጎንበስ ብላ፣
ጠረጴዛው ሥር ገብታ፣ ቀይዋን ማጥፊያ
ቀጭ!
ማራገቢያው ገና ትንፋሽ እንደሳበ
መሐል ላይ ተቆረጠ።

«ምን አደረጉ?» አልኳት።
«መብራት ውድ ነው ልጄ። ጨለመ፣ አለቀ።»

አላለቀም፣ ወይዘሮ። ፊቱ ነው የጠቆረ፤
ከውስጥ ግን ይጽፋል፣ ብዙ ቃል አስቀረ።
መጨረሻ ላይ ነው፣ ሊያርፍ ሲሰናዳ፣
«በሰላም ተዘጋሁ» የሚል አንድ ምልክት
ከራሱ ላይ የሚያሰፍር።
እሷን ሳይጽፍ ታንቆ ያድራል በየሌቱ፤
ጠዋት ሲነቃ ይፈልጋታል፣ የለችም፤
መተኛቱን እንጂ እንዴት እንደተኛ አያውቅም።
ስለዚህ ይጠይቃል።
ሕመም አይደለም ይሄ። ጥያቄ ነው።

ዝም አለች። ነፋሱ መስኮቱን ገፋው፤
አቅጣጫውን ጆሮዋ ሳትፈልግ ለየው፤
«ምዕራብ፣ ሰሜን ምዕራብ» አለች ለራሷ።
እንደገና አበራን። እንደገና ዘጋን።
እጇ ማጥፊያው ላይ፣ ዐይኗ ጨለማው ላይ፣
ድምፅ አውጥታ ቆጠረች፤ አሁን ግን ወደ ላይ፦
አንድ… ሁለት… ሦስት…
ዐሥራ አራት ስትደርስ ማራገቢያው ራሱ
ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ተኛ በትራሱ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፣ ያው ነው።
«ደህና አደርክ?» አለች።
እውነት እሷ ናት ወይ ብዬ ቁጥሩን አየሁ።
ምላሼን ጠበቀች፤ ሙሉውን፣ እስከ ጫፉ።
ከዚያ በኋላ ነው፦
«ለሦስቱ ቀን ሒሳብ ስንት ብለህ ጻፍከው?
ዓሣውን ቀንስ።»