ተራ

ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ ከቲሳ ወንዝ ማዶ
ፕሪሙ ከነቅጠሉ በራሱ ጊዜ ወርዶ
ሣሩ ላይ ይፈርጣል። ተርቡ ጠጥቶት ሰክሯል፤
ቀጥ ብሎ መብረር ካቃተው ሦስት ቀን አልፎታል።

ባልዲው ሁሉ ሞላ፣ ሳፋው ሁሉ ሞላ፣
የኦርሾያ መታጠቢያ እንኳ አልቀረም ከኋላ።
ዘሩን ስንፈለቅቅ እስከ ቀትር ዋልን፤
ጣታችን ጠቁሮ ሳሙና እምቢ አለን።

“ስኳር ይግባበት እንጂ” አለ ባሌ ጋሽፓር።
አክስቴ ፒሮሽካ ቢላዋዋን ሳታኖር፣
“ሌሊቱ ነው ስኳሩ” አለችው፤ በቃ።
ከዚያ ወዲያ ማን ይቁም ለስኳር ጠበቃ?

ከመብራት እንጨቱ ጫፍ የራዛዎቹ ጎጆ ባዶ ነው፤
ማክሰኞ ሄዱ፣ ማንም ሳያያቸው።
ኦርሾያ ተቀይማለች። “ቻው እንኳ ሳይሉ!” አለች፣
ከሥር ያገኘችውን ላባ ትራሷ ውስጥ ከታ ተኛች።

ሲመሽ ከጓሮ የመዳቡ ጎላ ተጣደ፤
የአያቴ የአልጋ እግር ነው መጀመሪያ የነደደ።
(ነቀዝ ጨርሶት ነበር፤ ማንም አላዘነም፤
እሳት ደግሞ ሲበላ ትዝታ አይመርጥም።)

ከዚያ ተራ ተደለደለ።
እስከ አምስት ሰዓት ዴኔሽ፣ በሬዲዮ ኳስ እየሰማ፤
እስከ ስምንት ጋሽፓር፤
እስከ ንጋት እኔ።
ልጅ ተራ የለውም።

ማርሲ አኮረፈ። “አሥር ዓመት ሞላኝኮ” አለ፣
“ጫማዬ እንኳ ጠቦኛል።”
እውነቱን ነው። ለትምህርት ቤት ጧት ስለካው
ተረከዙ ውጭ ቀረ፤ በግንቦት ነው የገዛነው።

ስምንት ሰዓት። ጋሽፓር ቀሰቀሰኝ፤ ጭስ ጭስ ይላል ጢሙ፤
“አደራ” አለኝ፣ “ከሥር እንዳይዝ ፕሪሙ።”
ብርድ ልብስ ተከናንቤ ወጣሁ። ማርሲ ከኋላዬ፣
በድርብ ካልሲ፣ በአባቱ ሹራብ፤ “እኔም” አለኝ፣ “እማዬ።”

ሁለታችን ባንድ ማማሰያ፤ ዙር፣ ደግሞ ዙር።
ገና ቀጭን ነው፤ ከእንጨቱ ላይ ይሮጣል፤
እንፋሎቱ ሽፋሽፍት ያረጥባል።
ስለ ምን እንዳወራን አላስታውስም ጭራሽ፤
ስለ ዓሣ? ስለ ክፍልፋይ? ስለ አጎቱ ስለ ዴኔሽ?

ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።
አልክድም። ወንበሩ ነው ያታለለኝ።

ስነቃ ሰማዩ የአመድ መልክ ይዟል።
እሳቱ ወደ ፍም ወርዷል።
ማርሲ ቆሟል፤
እጀታውን በሁለት ክንዱ አቅፎ፣
የሹራቡ እጅጌ ከጣቶቹ አልፎ፣
ከንፈሩ ጠቁሮ።
“እማ” አለኝ በሹክሹክታ፣ ዕቃ እንደሰበረ ልጅ፣
“ከበደኝ።”

ዘልዬ ተነሣሁ። ማማሰያውን ያዝኩት፤
እውነትም ከብዷል፤ እንደ ዝናብ ማግስት እርሻ
እግር ይዞ አልለቅም የሚል ክብደት።
አሸተትኩ። አላረረም።
ከሥር ፋቅ አደረግኩ። አልያዘም።

“ለምን አልቀሰቀስከኝም?”
ትከሻውን ሰበቀ።
“ተራሽ አልቆ ነበር።”

ፒሮሽካ መጣች፣ በሌሊት ልብሷ፣ በላስቲክ ቦቲዋ፤
ዶሮዎቹ እህል መስሏቸው ተከተሏት ከኋላዋ።
ምንም አልጠየቀች። ማማሰያውን አነሣችው፣
ዘቀዘቀችው፣
ጠበቀች።

አንድ ጠብታ አልወረደም።

“ደርሷል” አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ጠርሙስ፣ ከዚያ ክዳን፣ ከዚያ የዳቦ ቅርፊት፤
ዴኔሽ ምላሱን አቃጥሎ ሲሳደብ፣ አንድ ሁለት ስድብ፣ የጧት።
ማርሲ ቁራሹን ሳይጨርስ ጠረጴዛው ላይ ተኛ፤
ጉንጩ ላይ የፍርፋሪ ምልክት ቀረ እንደ መዳኛ...
አይ፣ እንደ ፍርፋሪ ብቻ። ጧት ጧት ግጥም አይመረኝ።
ጫማዎቹ በር ላይ ናቸው፤ በአንደኛው ውስጥ ድመቷ ራሷን ከታለች።

በመጨረሻ ኦርሾያ ወጣች፣ ላባውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ።
ጎላውን አየች፤ ባዶ።
ወንድሟን አየች፤ ጥቁር አፉን።
አገጯ ተንቀጠቀጠ፤
“የኔስ ተራ?”

ፒሮሽካ ረጅሙን ማማሰያ በሁለት እጇ አቀበለቻት፣
እንድትልሰው።