ጉዳዩ፦ የቦሎ ክፍያ ስለማስቀነስ

ከለገሃር ጀርባ፣ ከቢሮው አጥር ሥር፣
ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፣ አንዱ ገጽ በሃምሳ ብር፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ብሶት ስመታ
እንዳለፈው ማክሰኞ ጣቴ አያውቅም ሲያመነታ።

ጋሽ ሸዋንግዛው መጣ፣ አይሱዙውን ዳር አቁሞ፤
ቤት አዝላለች በጀርባዋ፣ ባለ መጋረጃ ደግሞ።
በሩ የካዛንቺስ በር ነው፣ ሰማያዊ፣ ከነቁጥሩ፤
ነቅሎ ያወጣው ያኔ ነው፣ ሲነሣ መንደሩ፣ ሰፈሩ።
"አራት መቶ አሥራ ሁለት" ይላል የቀበሌው ቆርቆሮ፤
አድራሻው ጎማ አብቅሎ ከተማ ያያል ዞሮ ዞሮ።
ሙያው ወፍጮ መጠገን ነው፣ ከሆለታ እስከ ሞጆ፤
ማታ መኝታው ከአስካለ ጋር፣ የመኪናው ጀርባ ጎጆ።
አልጋ አለው፣ መስኮት አለው፣ ጣራው ላይ የሬዲዮ ሽቦ፤
"ዝናብ ሲመታው ያስተኛል" ይላል ጋሽ ሸዋ ጢሙን ስቦ።

"ቦሎው ስንት መጣ?" ስለው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ፤
"የጭነት ብለው፣ የሰው ብለው፣ ቅጣት ተብሎ ተጨመረ።"
መስኮት ስድስት ያለችው ልጅ ቅጹን ገለጠች፣ ከደነች፣
ብዕሯን ጥርሷ ላይ አኑራ እንዲህ ስትል ወሰነች፦
"ቤት ከሆነ ካርታው የት አለ? ለሰው ከሆነ ወንበሩ?
ጭነት ከሆነስ፣ ጭነት በር አለው? ለዚያውም ከነቁጥሩ?"

ወረቀቴን አስገባሁ። መታሁ።
"ጉዳዩ፦ የቦሎ ክፍያ እንዲቀነስልኝ ስለመጠየቅ።
ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው
መኪናዬ የጫነችው፣ በአራት ብሎን የታሰረ፣
በማንኛውም ሰዓት ሊወርድ የሚችል ዕቃ..."
"ዕቃ" ላይ ስደርስ ጣቴን ያዘኝ።
"አስካለ ጋቢና ውስጥ ናት" አለኝ በሹክሹክታ፣
"ማንበብ ትችላለች። ሌላ ቃል የለህም?"

"ቤት" ካልሁ ብሩ ይንራል፤
"ዕቃ" ካልሁ አስካለ ትቀየማለች።
ቃል ሻጭ ነኝ፣
ቃል አጣሁ።
የአንበሳ አውቶቡስ ጭሱን አልብሶን አለፈ።
በመጨረሻ "ተነሺ" ብዬ መታሁ፤
"ተነሺ ጭነት"።
አየው። ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ።
"እኛንም የጻፉን እንዲሁ ነበር" አለ።

መርማሪው "ተነሺ ከሆነ ይነሣ፣ እኔም በዓይኔ ልየው" አለ፤
ክሪክ ተዋስን ከጎሚስታው፣ ብሎኑ እየጮኸ ተነቀለ።
ሦስት ወያላ፣ ሁለት ሊስትሮ፣ እኔም ዕድሜዬን ረስቼ
ተሸክመን አወረድነው፣ ጠረጴዛዬን ለነፋስ ትቼ።
ባዶዋን ሚዛን ወጣች፣ ተጻፈላት፣ ማኅተም አረፈ፤
የክፍያው ግማሽ ወረደ፣ ከግማሹም ትንሽ ተረፈ።

ቤቱ ግን ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ
አራት እግሩን ተክሎ ቆመ፣ መሬት ረግጦ ሊታይ።
አስካለ ከጋቢና ወርዳ በሩን በመሐረቧ ወለወለች፤
ገባች። ዘጋች። ለአፍታ፣ የለም በተባለ አድራሻ ነበረች።
እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተጠግቼ በሩን ነካሁ፤
"ቤቶች!" ብል "ደጆች!" አለች፤ ጸሐፊው ያን ዕለት ቤት መታሁ።

ያን ጊዜ ፊሽካ ተነፋ።
ደንብ አስከባሪው ደረሰ፣ የቅጣት ደረሰኙን እያገላበጠ፦
"ይህ ቤት በማን ፈቃድ ተሠራ?"
ጋሽ ሸዋንግዛው ማመልከቻውን ዘረጋለት።
አነበበው። ሁለተኛም አነበበው።
"አሥር ደቂቃ" አለና ጀርባውን ሰጠን።

በሰባተኛው ደቂቃ ቤቱ መኪናው ላይ ነበር።
አንድ ብሎን ግን ጠፋ፤ እስካሁን አልተገኘም።
ሃምሳ ብሬን ተቀብያለሁ።
ለምን እዋሻለሁ።