ቤት ያልመታ ስንኝ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ልጆቿ ሲሄዱ፣
የልጅ ልጆቿም ወደ ባሕር ሲወርዱ፣
«ነይ» ትለኛለች ማማ ሒሳ፣ «ዘምዘም፣
ያንን ካሴት ክተቺው፤ ዛሬ እንቅልፍ የለም።»

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ዕድሜዬን ይበልጣል፤
ሁለት ገጣሚዎች ይዋደዱበታል፤
እሱ ስንኝ ቋጥሮ በበር ሥር ይሰዳል፣
እሷ ታነብና፣ ሻማዋን አብርታ
ትመልስለታለች በዚያው ቤት መትታ።

አረብኛው ረቂቅ፣ የኩሽና አይደለም፤
የኔ «አምጪ፣ ውሰጂ» እዚያ ውስጥ አልኖረም።
ግን ወረቀት ይዛ ስትቆም፣ ስትገረጣ፣
ያንንስ አውቃለሁ፣ ከየትም ቋንቋ ይምጣ።

እኔም ነበረኛ።

ሳልሚያ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣
እንድሪስ የባቲው፣ ላብ ነክሮት ሸሚዙን፣
የሰው ነጭ ዲሽዳሻ ሲተኩስ ይውላል፤
የራሱ ግንባር ግን ተጨማዶ ያድራል።

አንድ ቀን የልጇን ኪስ ስፈትሽ ድንገት፣
ቢጫ ቁራጭ ወጣ፣ የላውንደሪ ቲኬት፤
ከፊቱ ቁጥር ነው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት፤
ከጀርባው በእርሳስ ሁለት ስንኝ አላት፦

«ሙቀት ነው አገሩ፣ ላብ ነው የሚጠጣ፤
እሳት ይዤ ውዬ ብርድ ከየት መጣ?»

ሦስት ቀን አሰብኩት፣ ሳህን እያጠብኩኝ፤
በሰው ቤት እየኖርኩ ቤት መምታት አማረኝ።
በቆሸሸው ልብስ ኪስ ሸጉጬ ላክሁለት፦

«ብርዱስ እኔ ጋ ነው፣ ኤሲው ሥር ነው መኝታ፤
ከእሳትህ ቆንጥረህ በኪስ ላክ ለማታ።»

የኩዌት በጋ ሲነድ፣ አስፋልቱ ሲላጥ፣
ቲኬት ሄደ፣ ቲኬት መጣ፣ ከኪስ ወደ ኪስ ውስጥ።
ፊት ለፊት የተያየን ሁለቴ ነው፣ በር ላይ።
እሱ «ስድስት ልብስ ነው» አለኝ ወደ ሰማይ፣
እኔ «እስቲ ቁጠረው» አልኩት መሬት እያየሁ፤
ከዚያ ሁሉ ስንኝ አንዱን ሳልል ገባሁ።

ፊልሙ ፍጻሜ የለው፤ ጭራው ተበልቶበት፣
ልክ የመጨረሻውን ፖስታ ስትከፍት፣
ሽሽሽ... በረዶ ብቻ።

ያኔ ማማ ሒሳ ትቀጥላለች ከአፏ፤
አንዱን ሐሙስ ትድራቸዋለች፣ እልልታ በደጃፏ፤
አንዱን ሐሙስ መርከብ ትሰዳለች፣ ሰውየው አይመጣም፤
አንዴ ብቻ፣ እጄን ይዛ፣ ምንም አላለችም።

ባለፈው ሰኞ ልብሱን ያመጣው ሌላ ሰው ነው፣
ቀጭን የኔፓል ልጅ።
«እንድሪስስ?» ስለው እጁን አወናጨፈው፤
ኢቃማ... ፖሊስ... አውሮፕላን... ሦስቱን ቃል ለየሁት፤
በሩን ሳልዘጋ ኪሱን ሁሉ ገለበጥኩት።
ስድስተኛው ውስጥ፣ ያቺው ሁለት መቶ አሥራ አራት፤
ከጀርባዋ አንድ መስመር፣ እርሳስ የቸኮለባት፦

«እሳቱን አጥፍቼ፣ ወዳንቺ ልመጣ ስል»

በቃ።
ቀጣዩ ባዶ ነው። ቤቱን ማን ይምታልኝ?
ብመታውስ ኖሮ፣ በማን ኪስ ይሂድልኝ?

ሐሙስ መጣ። ካሴቱ ዞረ። በረዶው ወረደ።
ማማ ሒሳ ወደኔ ዞራ፣
«ዛሬ አንቺ ጨርሺው» አለች።
በኩሽና አረብኛዬ፣ ቃል እየለቀምኩ፣ ጀመርኩ፦
«ሴትዮዋ ፖስታውን ቀደደችው።
አንድ መስመር ነበር።
ብዙ ቆማ አየችው።
ከዚያ ተቀመጠች፤ እርሳሷን ቀረጸች።»