ተነሺ

ደብዳቤውን ያደረስሁት እኔ ነኝ፤
ማኅተሙ ሳይደርቅ፣ በጠዋት፣ ነፋሱ ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ፣
ከሆስፒታሉ የኋላ በር ፊት ለፊት፣
ቆርቆሮው በድንጋይ ከተጫነው ቤት።

«እትዬ ይፍቱስራ አሉ?» አልሁ። አሉ።
የሌሊቱ ዝናብ ያራሰውን ፍራሽ ያራግፋሉ።
ሃያ አንድ ፍራሽ፣ ሃያ አንድ ብርድ ልብስ፣
እዚሁ ፋብሪካ የተሸመነ፣ ዳር ዳሩ የሚበጠስ፣
ገመድ ላይ ተደርድሮ፣
የሰውን ሌሊት ለፀሐይ ዘርዝሮ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤
ካላወቃችሁም አንድ ሌሊት ብቻ፣ ከሆስፒታል አጥር ሥር ቆማችሁ፣
«ደም ተገኘ» የሚል ሰው ጠብቁ፤
የሃያ ብር ፍራሽ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ እወቁ።
ከመሐል ሜዳ ይምጣ፣ ከእነዋሪ፣ ከሰላ ድንጋይ፣
አልጋው ለታማሚው ነው፤ ለአስታማሚው ሰማይ።

ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ ቅጹን አወጣሁ።
ግቢውን ራሴ ለካሁ፤
መቶ ስልሳ ካሬ፤ የጋራ ቧንቧ፤
ግድግዳው ጭቃ፤ ጓሮ ጎመን፣ ጥቂት አበባ።
«የቤተሰብ ብዛት?»
ትራስ እየመቱ አሰቡ ለቅጽበት፤
«የመቼውን ልንገርህ?
የትናንት ማታውን ነው? ወይስ የዛሬን ልገምትልህ?
ትናንት ሃያ ስድስት ነበርን፣ ተዳብለን፤
ሌሊት አንዱን ጠሩት፤ ሬሳ ጭኖ ሄደ፤ ሃያ አምስት ቀረን።
ንጋት ላይ ደግሞ የጅሩዋ ልጅ መንታ ወለደች፤
እናቷ ፍራሹን ሳታጥፍ እልል እያለች ወጣች።
አሁን እንግዲህ ቁጠረን።»

ሣጥኑ ሁለት አኃዝ ብቻ ነው የሚይዘው፤
«01» ብዬ ሞላሁ፤ ሕጉ የሚያውቀው ነዋሪ ያንን ነው።

ውሸት አልናገርም፤ ሥዕሉን አይቼዋለሁ፣ ያምራል፤
ሆስፒታሉም በእውነት ጠቦታል፤
አባቴን ሳስታምም፣ በኮሪደር፣ የሰው እጅ ረግጬ አልፌአለሁ፣
«ይቅርታ» ስለው «ግድ የለም» ያለኝን ድምፅ ዛሬም እሰማለሁ።
ባለ ስድስት ፎቅ፤ ምድሩ ፋርማሲ፤ ከዚያ ላቦራቶሪ፤
ከላይ የእንግዳ ማረፊያ፣ ዋጋው ያልተጻፈ፤
መስተዋቱ ሰማያዊ፣ በደጁ ዛፍ የተሰለፈ፤
ከዛፉ ሥር ሰው ይራመዳል፤ ጋቢ የለበሰ አንድም የለ፤
ሁሉም ቦርሳ ይዞ፣ ሁሉም ጤነኛ መሰለ።

ደብዳቤውን ተቀብለው፣ መነጽር ከመቀነታቸው ፈትተው፣ አነበቡ፦
«ለልማት ተነሺ፣ ለወይዘሮ ይፍቱስራ ደምሰው።»
ሣቁ። ሣቃቸው ሣል ሆነ።
«ተነሺ! ይህን ቃል እኮ የማዘወትረው እኔ ነበርሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው በሱ ስቀሰቅስ ኖርሁ።
ዘበኛው ተክለወልድ ከአጥሩ ማዶ ‹የአልጋ ዘጠኝ!› ሲል፣
እግሯን ነካ አድርጌ፣ ‹ተነሺ የኔ እህት፣ ጠሩሽ› እል።
ለመድኃኒት ይሁን ለመርዶ፣ ቃሉ አንድ፤ እኔ አላውቅ፤
ጫማዋን በዳበሳ ሰጥቼ አያታለሁ ስትርቅ።

ምትኩ የት ነው?»
«ከጠባሴ ማዶ። አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ባጃጅ አለው።»
«ኪሎ ሜትሩን ተወው። ተክለወልድ ሲጣራ፣ ድምፅ ይደርሳል ወይ?»
ቅጹን ገለበጥሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም፣ ከታችም ከላይ።

አልፈረሙም። አልተቆጡምም። «ነገ ና» አሉኝ፣
የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ «ያዝልኝ» ብለው ሰጡኝ፤
አጠፍን። ሁለታችንም ዝም።

ስወጣ አንድ ሰውዬ፣ ፌስታልና ካርድ ይዞ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣
«ወንድሜ፣ ማደሪያው እዚህ ነው? ቀይ ቀለም ያለበት ነው ብለውኛል ቤቱ።»

ባለፈው ሳምንት የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ከጥፍሬ ሥር ዛሬም አልለቀቀ።
«አዎ፤ ግባ» አልሁት፤ «ፍራሹ ግን ገና አልደረቀ።»