ከአሥር አራት

በሆቭድ ሆስፒታል፣ ጥር ሲጋመስ፣
ቧንቧው ድንጋይ ሆኖ መስኮት ውርጭ ሲለብስ፣
የደም ውጤት መጣ፣ የታጠፈ ወረቀት፤
ስሜ ከላይ ሆኖ፣ ከሥሩ ቁጥር፦ አራት።

የሚከላከለው ከአሥር ጀምሮ ነው።
ከአሥር አራት ደግሞ፣ ተማሪ እንደሚያውቀው፣
በቀይ እስክርቢቶ የሚከበብ ነው።

እኔ ክትባት ሰጪዋ፣ እኔ መዝገብ ያዧ፣
“የኖርጅማ እጅ አያምም” የምባለዋ፣
ሹፌሩን፣ አዋላጇን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣
ስለ ፍየሎቻቸው እየጠየቅሁ የወጋሁ ሁሉን፣
ለራሴም ሦስት ጊዜ እጅጌ ጠቀለልኩ፤
አንድ ወር፣ ስድስት ወር፣ ቀኑን እየቆጠርኩ።
አልያዘም ተባለ፤ እንደገና ሦስት።
ስድስት መርፌ ገብቶ የወጣው አራት።

የኔ ደም ሰነፍ ነው፤ ተነግሮት ይረሳል፤
የጠላቱን መልክ ስድስቴ አሳይተውት
“ማን ነበር?” ይላል።

ዶክተር ጋንዙሪግ፣ ዓይኑን ከወረቀት ሳይነቅል፣
“ከመቶ አምስቱ፣ አንዳንዴም አሥሩ እንዲህ ነው” አለኝ፤ “ያጋጥማል።”
ያጋጥማል።
ለሌላ ሰው ስናገራት እንዴት ቀላል ቃል ነበረች።

በአገራችን ዘመድ የሚጠራው በጉበት ነው፤
“የጉበቴ ወገን” ነው የምንለው የሥጋችንን ሰው።
አባቴ ጉበቱ ደንድኖ፣ ዓይኑ ቢጫ መስሎ፣
ሆዱ እንደ ውሃ አቁማዳ ተነፍቶ፣ ክንዱ ሰልሎ፣
በሁለት ክረምት አለቀ። ያኔ አንዲት መርፌ ተቀቅላ
ለመንደር ትበቃ ነበር፣ ከክንድ ወደ ክንድ ተንከባላ።
እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ደም
እንዴት ትምህርት አይገባውም?

ጸቬልማ በዝርዝሩ የለችም፤ አንሶላ አጣቢ ናት።
“በሽተኛ አትነካም” ብሎ ነው መሥሪያ ቤቱ የዘለላት።
ኅዳር ላይ አንሶላ ስትዘረጋ፣ ከእጥፋቱ ውስጥ
የተረሳች መርፌ አገኘቻት፣ አውራ ጣቷ ላይ።
ሮጣ አልመጣችም። አጥባ፣ ጨምቃ፣ አስጥታ፣
ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ደረሰች ማታ።
“ልብሱ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው” አለች።

ደሟን ቀዳሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እሷ አየችው።
ውጤቱ ሲመጣ፣ አንድም ክትባት ያላየችው ሴት
ዘጠኝ መቶ አላት።

ሳስረዳት ቆየችና፦ “ልጅ ሆኜ፣ በጸደይ፣
ቢጫ ሆኜ ነበር” አለች፣ “እንደ ደረቀ ሣር፣ እንደ ፀሐይ።
በጎች የሚወልዱበት ወር ነው፤ ማን ልብ ይለኛል?”
ደሟ ግን ልብ ብሏል። ሃምሳ ዓመት ይዞታል።
“ወንድሜም ቢጫ ሆነ ያን ጊዜ” አለች፣ ጨርቁን እየፈታች።
“እሱን ግን አለቀቀውም። በአርባ ዓመቱ ቀበርነው።”
ዝም አልኩ። ያ ትምህርት ቤት ክፍያው ሰው ነው፤
ማንም ልጁን አይልክበትም፣ የተመረቀም ቢኖረው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቀድማኝ ትገባለች፤
ከክፍሌ አልጋ አንሶላውን እሷ ታነሳለች፤
እጥፋቱን በጣቷ ጫፍ እንደ ዓይነ ስውር ትዳስሳለች።
“ለኔ እጅ ተይው” ትላለች፤
“የኔ እጅ እዚያ ደርሶ ተመልሷል።”

እኔም ለመርፌ ክዳን አልመልስም፤ ወደ ቢጫው ሳጥን ወዲያው።
ጓንቴን ሁለት አደርጋለሁ፤ ሌላ ጋሻ የለኝማ።
መዝገቡ መጨረሻ ላይ፣ ማንም ማኅተም ሳይመታበት፣
“ማጠቢያ ቤት” ብዬ ጻፍኩ፣ በገዛ እጄ፣ በደማቅ ቀለም።

ዛሬ አዲሱ ረዳቷ መጣ፤ ዳምዲን፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ።
ክንዱን ሰጠኝና ዞረ፣ ወደ ግድግዳው ፊቱ።
“ስንት ፍየል አላችሁ?” አልኩት።
“ሰባ... ቆይ፣ ቀዩ ከሞተ በኋላ...”
ቆጥሮ ሳይጨርስ
መርፌዋ ከሳጥኑ ገብታለች።