ፀሐይ የተሳለባት ቁልፍ

ታኅሣሥ ነው ቫርዶ ላይ፤ ፀሐይ ከሄደች ወር።
ወደቡ ቢሮ ውስጥ፣ ከሚዛኑ በር ሥር፣
ጉንቮር ትጽፋለች የሸርጣኑን ቁጥር።

ሃያ ሁለት ብላ መጻፍ ሲገባት
ሃያ ሦስት ጽፋ፣ ልታርም ብትነካት
ያቺን ኤፍ ሁለት፣
ሠንጠረዡ ዝም አለ፤ ስክሪኑ ግን በራ።
ብትደግመው ባሰበት፤ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ
ነጭ ሆነ እስከ ጣራ።

ቁልፏ ላይ የተሳለች ትንሽ ፀሐይ አለች፤
ከተማው ያጣትን እሷ ታድላለች፣
ማንም ሳይለምናት።

ጥፋቱ የኦድቫር ነው፣ መረብ የሚጠግነው፤
የእህቱን አሮጌ ላፕቶፕ ከጓዳ አውጥቶ
ሊኑክስ የጫነው።

ተጠራ። መጣና ጓንቱን አወለቀ።
ቁልፍ አልነቀለ፣ ብሎንም አልፈታ፤
ጥቁሯን ተርሚናል ከፍቶ ጆሮ ሰጥቶ ጠየቀ፦
«እስቲ ንኪያት» አላት፤ «ስሟን ትናገር።»
ነካቻት። ጥቁሩ ላይ ወጣ ነጭ ነገር፦
«ብርሃን ጨምር።»

«አየሽ? ቁልፏም ልክ ናት፣ ጣትሽም ልክ ብሏል፤
ከሥር አስተርጓሚ አለ፣ ከርነል የሚባል፤
አንቺ ‹ላርም› ስትይ እሱ ‹አብራ› ይላል።»

ማኅደር ከማኅደር ሲወርድ፣ ሲወርድ፣
አንዲት ፋይል አለች፣ ውስጧ ቁጥር አንድ።
ሁለት አደረጋት። በቃ።
ጉንቮር ሃያ ሦስቷን በአንድ ጣት አረመች፤
«ለዚህ ነው ሳምንቱን ስሳደብ የኖርኩት!»
ብላ ተገረመች።

በማግሥቱ ጠዋት (ጠዋት ከተባለ) ላፕቶፑ ሲነቃ፣
ኤፍ ሁለት ያቺው ናት፣ ፀሐይዋን ታቅፋ
ቁጭ ብላ፣ ደምቃ።

ኦድቫር እንደገና፣ በረዶ በጫማው፦
«ትናንት በአፍ ነበር የነገርኩት፤ እንቅልፍ አስረሳው።
ዛሬ እጽፍለታለሁ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ በፊት
ቀድሞ በሚያነበው።»
ጻፈ። አጥፍቶ አስነሣ፣ ደግሞም አስነሣ፤
በሦስተኛውም ላይ ቁጥሩን አልረሳ።
ዋጋው? ሦስት የሸርጣን እግር፣
አንዱ ለእራት፣ የተቀረው ለምሳ።

ጥር ላይ፣ ምሽጉ ላይ፣ መድፉ ተተኮሰ፤
ከባሕሩ ጫፍ ላይ ቀይ ጠርዝ ደረሰ።
ልጆች ከትምህርት ቤት እየጮኹ ወጡ፤
በመስኮት የገባው ጮራ ስክሪኑ ላይ ፈሰሰ፣
ቁጥሮቹ ጠፉ።

ጉንቮር ዓይኗን አጥብባ፣
ግራ እጇ ኤፍ ኤን ላይ፣ ቀኟ ኤፍ ሁለት፣
ታኅሣሥን ሙሉ ሳትጠራት የመጣች
ፀሐይዋን ለመነቻት
በሁለት ጣት።