ደቦ

ሊንችበርግ፣ ቨርጂኒያ። የጄምስ ወንዝ ሞልቷል፤
ቤተ መዛግብቱ ሊዘጋ ተቃርቧል።
ወይዘሮ ኦዴሳ መነጽሯን ወልውላ፣
ከቢጫ ጋዜጣ አንዲት ቃል ነጥላ፣
“የሰው ስም ነው” አለች፤ “የአባት ስም፣ የቤት፤
ዳኛ ነበር ይሉታል፣ ያኔ በጦርነት።
ያለ ሕግ ገረፈ፣ ለቀቀ። ስሙ ግን አልለቀቀ፤
ገመድ አበቀለ፣ ከዛፍ ዛፍ ዘለቀ።
የአያቴን ወንድም ሐምሌ ላይ አገኘው፤
አንድ እግር ጫማ ነው ቤት የተመለሰው።”

እርሳሷን ቀረጸች። “እናንተስ?” አለችኝ፤
“ምን ብላችሁ ጠራችሁት?” አፌ ደረቀብኝ።

“ደቦ። የደቦ ፍርድ። አጨዳ ነው ዘሩ፤
ማጭድ ስሎ ሲወጣ ሰው ከየሰፈሩ፣
ባሏ ለሞተባት ጤፏን ሊያጭድላት፣
ማን ስንት እንዳጨደ ማንም ሳይጽፍባት።
እጅ እንጂ የበዛው፣ ባለእጅ የለው፤
የመኸርን ስም ነው አውሰን የጠራነው።”

ጻፈችው፣ በራሷ ፊደል፤
ደ፣
ቦ።
ጥቂት ቆይታ፣ ቀና ሳትል፦
“የዚያች መበለት ባል” አለች፣
“በምን ነበር የሞተው?”

ዘበኛው መብራቱን አንዴ አጥፍቶ አበራ፤
ሰዓት መድረሱ ነው።
እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።